ላይብረሪያን ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው?

ሐሙስ፣ ሜይ 8 ቀን 2025 አመሻሽ ላይ ለዶክተር ካርላ ሄይደን አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኢሜይሉ «ካርላ» ብሎ ይጀምራል። ዶክተር የለ፣ ወይዘሮ የለ። በፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስም የተጻፈ መሆኑን ይገልጽና ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነታቸው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መነሣታቸውን ይነግራቸዋል። ስላገለገሉ ያመሰግናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሄይደን በ2016 የተሾሙት ለ10 ዓመት ነበር። ሴኔቱ ሹመታቸውን ያጸደቀው 74 ለ18 በሆነ ድምፅ ነው። በ1800 በተመሠረተው በዚያ ተቋም ታሪክ ወንበሩን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ዘመናቸው ሊያበቃ ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነበር የቀረው።

ዜናው እንደተሰማ ወሬው ተደበላለቀ። «ላይብረሪ ሊዘጋ ነው» ያለ አለ። «ላይብረሪያን መጽሐፉን ይደርድር እንጂ ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው?» ያለም አለ። የመጀመሪያው ወሬ በደንብ ሲታይ ግማሹ እውነት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም። የሙያው ሰዎች ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም።

ሦስት ቤት፣ አንድ ስም

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በ2025 ዜና ላይ «ላይብረሪ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይነሡ ነበር።

አንደኛው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዋሽንግተን ላይ ካፒቶል ሂል አጠገብ ያለው ግዙፍ ተቋም። ይህ ቤት ለሕዝብ መጽሐፍ አያውስም። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው የአንባቢ ካርድ አውጥቶ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል፤ ይዞ መውጣት ግን አይችልም። የኋይት ሃውስ ቃል አቀባይ ካሮላይን ሌቪት ሄይደን የተነሡበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ለልጆች የማይሆኑ መጻሕፍትን ላይብረሪ ውስጥ ማስገባታቸውን ጠቅሰው ነበር። የሙያው ሰዎች በአንድ ድምፅ የመለሱት ይህንኑ ነው፦ ከዚያ ቤት መጽሐፍ ተውሶ የሚሄድ ልጅ የለም።

ሁለተኛው የሙዚየምና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎቶች ተቋም የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በ1996 የተቋቋመ፣ 75 ገደማ ሠራተኞች የነበሩት ትንሽ ቢሮ ነው። ራሱ አንድም መጽሐፍ አያውስም። ሥራው ገንዘብ ማከፋፈል ነው። የ2024 በጀቱ 295 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ገንዘቡን ለአሜሪካ ሕዝብ ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛው የሰፈሩ ላይብረሪ ነው። ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት፣ አዲስ የመጣ ሰው እንግሊዝኛ የሚማርበት፣ የሥራ ማመልከቻ የሚሞላበት ቤት። አገሪቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ከ17,000 በላይ ነው። የዚህ ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከከተማው ወይም ከካውንቲው (በስቴቱ ሥር ካለው የአካባቢ አስተዳደር) ግብር ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ፊርማ ስለተፈረመ በማግስቱ አይዘጋም።

ታዲያ የፌዴራሉ ገንዘብ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን መጣ? ምክንያቱ ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ነው። አብዛኛው ወደየስቴቱ ማዕከላዊ ላይብረሪ ይሄዳል። ያም አንድ ከተማ ለብቻው ሊገዛው የማይችለውን ነገር ለሁሉም በጋራ ይገዛል። ኢ-ቡክ፣ የድምፅ መጽሐፍ፣ የመረጃ ቋት፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መጽሐፍ የሚያመላልስ መኪና። በማርች 14፣ 2025 ፕሬዝዳንቱ መሥሪያ ቤቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ እንዲከስም አዘዙ። በወሩ መጨረሻ ሠራተኞቹ የግዳጅ ዕረፍት ወጡ። ከዚያ በኋላ ሚሲሲፒ ውስጥ ሰው በስልኩ የድምፅ መጽሐፍ ይዋስበት የነበረው ሁፕላ የሚባለው አገልግሎት ቆመ። የሜይን ስቴት ላይብረሪ ሠራተኛ ቀንሶ ለጊዜው በሩን ዘጋ። ጉዳቱ የጎላው ሀብታም ከተማ ውስጥ አልነበረም። ብዙ ሰው ለትራምፕ ድምፅ በሰጠባቸው ገጠሮች ጭምር ነው የተሰማው።

የመንግሥት ወገን ክርክርም መሰማት አለበት። ላይብረሪ የአካባቢ ጉዳይ ነው፣ የአካባቢው ሰው ከፈለገው ይክፈልበት፣ የፌዴራል መንግሥት እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። የትራምፕ የመጀመሪያ አስተዳደርም በየዓመቱ መሥሪያ ቤቱ እንዲዘጋ በበጀት ረቂቁ ይጠይቅ ነበር። ኮንግረሱ በየዓመቱ እንቢ ይል ነበር። የሚገርመው፣ መሥሪያ ቤቱ የሚተዳደርበትን ሕግ በዲሴምበር 31፣ 2018 ፈርመው ያደሱት ራሳቸው ትራምፕ ናቸው።

ውትወታ ወይስ ሎቢ?

የላይብረሪ መሪዎች ሲነጋገሩ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል አለ፦ አድቮኬሲ። በአማርኛ አንዳንዱ ጥብቅና ይለዋል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደግሞ ውትወታ ማለት ጀምረዋል። እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ጥብቅና ተከሳሽ ያለበት ያስመስላል። ውትወታ ግን ደጋግሞ ማስረዳት፣ ደጋግሞ መወትወት ነው። አንድ የላይብረሪ ኃላፊ ዓመቱን ሙሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሎቢ ሌላ ነገር ነው። ሎቢ ማለት አንድን የተወሰነ የሕግ ረቂቅ «አጽድቁ» ወይም «ጣሉ» ብሎ የሕግ አውጪውን ደጅ መጥናት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሕግ አለበት። የሰፈሩ ላይብረሪ ኃላፊ የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንበል። ለላይብረሪው የሚሆን አዲስ ግብር ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። «ግብሩ ካለፈ እሑድ እንከፍታለን፤ ካላለፈ ሁለት ቅርንጫፍ ይዘጋል» ማለት ትችላለች። ይህ መረጃ ነው። «እባካችሁ እሺ በሉ» ብላ በቢሮዋ ማተሚያ በራሪ ወረቀት ካባዛች ግን በአብዛኛው ቦታ ሕግ ጥሳለች።

ስለዚህ ሥራው ተከፋፍሏል። ኃላፊዋ ቁጥሩን ትናገራለች። «የላይብረሪ ወዳጆች» የሚባሉት የሰፈር ማኅበሮች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መጽሐፍ እየሸጡ ገንዘብ የሚያሰባስቡት ጡረተኞች፣ ቅስቀሳውን ይይዛሉ። በ2012 የተቋቋመው ኤቭሪላይብረሪ ደግሞ በግልጽ የፖለቲካ ድርጅት ሆኖ ለላይብረሪ ድምፅ ያሰባስባል። ከ1876 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር ዋሽንግተን ውስጥ ቢሮ አለው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ግን እያንዳንዱ ሊናገር የሚችለው ቃል ይለያያል።

ከሄይደን በፊት የነበረችው ሄይደን

ዶክተር ሄይደን ከመንግሥት ጋር ሲላተሙ የ2025ቱ የመጀመሪያቸው አይደለም። በ2003 እና 2004 የላይብረሪ ማኅበሩ ፕሬዝዳንት ነበሩ። ጊዜው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ብዙም ያልራቀ ነው። ፓትሪዮት አክት የሚባለው ሕግ ክፍል 215፣ መርማሪዎች ከምሥጢራዊ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዘው ሰው ምን እንዳነበበ ከላይብረሪ እንዲጠይቁ መንገድ ከፈተ። የተጠየቀው ላይብረሪያን ደግሞ መጠየቁን ለማንም መናገር አይችልም።

ሄይደንና ማኅበሩ ተቃወሙ። የወቅቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጆን አሽክሮፍት ተቃውሞውን መሠረት የሌለው ድንጋጤ ብለው አጣጣሉት። በዚያው ወር ክፍል 215 አንድም ጊዜ ሥራ ላይ እንዳልዋለ ይፋ አደረጉ። አንባቢው እዚህ ጋ ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻላል። አሽክሮፍት ባሉት ነጥብ ላይ ልክ ነበሩ፤ አልተጠቀሙበትም። ላይብረሪያኖቹ ግን ክርክራቸው ሌላ ነበር። ጉዳዩ ምሥጢር እስከሆነ ድረስ መጠቀምና አለመጠቀማቸውን ሕዝቡ በምን ያውቃል? ነገሩ ወዲያው ሌላ መልክ ያዘ። በ2005 ኮነቲከት ውስጥ አራት ላይብረሪያኖች በሌላ የሕግ መሣሪያ፣ ፍርድ ቤት ባልፈረመበት ደብዳቤ፣ የተጠቃሚ መረጃ ተጠየቁ። አፋቸውም ተለጎመ። እስከ 2006 ድረስ ደብዳቤው እንደደረሳቸው በአደባባይ መናገር አልቻሉም።

ውትወታው መግለጫ በማውጣት ብቻ አልቆመም። ብዙ ላይብረሪዎች መጽሐፍ ሲመለስ የተዋሰውን ሰው ስም ከኮምፒውተር ማጥፋት ልማድ አደረጉ። የሌለ መረጃ አይጠየቅም።

በኤፕሪል 2015 ደግሞ ሄይደን የባልቲሞር ከተማ ላይብረሪ ኃላፊ ነበሩ። ፍሬዲ ግሬይ የተባለ ወጣት በፖሊስ እጅ ከወደቀ በኋላ ሞተ፤ ከተማው ተናወጠ። ሰኞ ዕለት በፔንስልቬኒያ ጎዳና ከሚገኘው ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ተዘርፎ ተቃጠለ። ትምህርት ቤቶች ማክሰኞ ተዘጉ። ላይብረሪው ተከፈተ። የሚሄድበት ያጣ ልጅ ገባ፣ ጎረቤት ገባ፣ ጋዜጠኛ ገባ። ያን ቀን ማንም ስለ ላይብረሪ ጥቅም ንግግር አላደረገም። ግን የላይብረሪ መሪዎች ዛሬም ውትወታ ምን እንደሆነ ሲያስረዱ የሚጠቅሱት ያንን የተከፈተ በር ነው።

ዝምታ ገለልተኝነት ነው?

እዚህ ላይ የሙያው ትልቁ ክርክር ይመጣል። አንዱ ወገን «ላይብረሪ ገለልተኛ ነው» ይላል። ቀኙም ግራውም የሚገባበት የመጨረሻው ቤት ስለሆነ ባለሙያው አቋሙን ቤቱ ትቶ ይምጣ። በ1939 ማኅበሩ ያጸደቀው የላይብረሪ የመብቶች ሰነድም በሁሉም ወገን ያለ ሐሳብ መደርደሪያ ላይ ይገኝ ይላል። ይህ ወገን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው። ሕዝቡ ላይብረሪያንን የሚያምነው ወገን አይይዝም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ያ እምነት አንዴ ከሄደ በበጀት ጊዜ ማን ይቆምለታል?

ሌላው ወገን ታሪክ ይጠቅሳል። ማርች 27፣ 1961 ጃክሰን ሚሲሲፒ ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች መጀመሪያ ለጥቁሮች ወደተመደበው ቅርንጫፍ ሄደው እዚያ እንደማይገኙ የሚያውቋቸውን መጻሕፍት ጠየቁ። ከዚያ ለነጮች ብቻ ወደነበረው ዋና ላይብረሪ ገብተው መጽሐፍ አንሥተው ተቀመጡ። ጥፋታቸው ማንበብ ነው። ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። በዚያ ዘመን ማኅበሩ ዘረኛውን ሕግ ፊት ለፊት ከመቃወም ይልቅ «የአካባቢ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናው ነበር። ይቅርታ የጠየቀው በ2018 ነው። ስለዚህ ይላሉ እነዚህኞቹ፣ በዚያን ጊዜ ዝም ያለው ገለልተኛ ሳይሆን ከበረኛው ጋር የወገነ ነበር።

የመጀመሪያው ወገን መልስ አያጣም። በ2022 ማኅበሩን እንዲመሩ የተመረጡት ኤሚሊ ድራቢንስኪ ደስታቸውን ሲገልጹ ራሳቸውን ማርክሲስትና ሌዝቢያን ብለው ትዊት አደረጉ። በኋላ አጠፉት። ግን ቀድሞ ተነቦ ነበር። በጁላይ 2023 የሞንታና ስቴት ላይብረሪ ኮሚሽን በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ ወጣ። ሌሎች ስቴቶችም ተከተሉ። አንዱ «መሪ የግል እምነቷን ለምን ትደብቅ?» ይላል። ሌላው «የገጠር ላይብረሪያኗ በዚያች ትዊት ምክንያት የሥልጠና ገንዘብ ስታጣ ማን ይካሳታል?» ይላል።

እኔ እንደማየው ሁለቱ ወገኖች ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። አንዱ ስለ መደርደሪያው፣ ሌላው ስለ በሩ። መደርደሪያው ላይ ሁሉም ሐሳብ ይቀመጥ ማለት ገለልተኝነት ነው። ማን በበሩ ይግባ የሚለው ላይ ግን ገለልተኛ መሆን አይቻልም፤ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። የመሪው የግል ትዊት ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ያ የብልህነት ጉዳይ እንጂ የመርህ ጉዳይ አይመስለኝም።

ስለ ፈስ የሚያወሩት መጻሕፍት

ክርክሩ በጣም የሚፋፋመው መጽሐፍ ይነሣ ሲባል ነው። ማኅበሩ በ2023 እንዲነሡ የተጠየቁ 4,240 የተለያዩ ርዕሶች መዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ ትልቁ ቁጥር ነው። በ2024 ወደ 2,452 ወርዷል። በ2024 ከቀረቡት ጥያቄዎች 72 በመቶው የመጡት ከተደራጁ ቡድኖችና ከመንግሥት አካላት ነው ይላል ማኅበሩ። ተቺዎች ደግሞ ጥያቄ መቅረቡን ከመታገድ እኩል መቁጠር ያሳስታል ይላሉ፤ ብዙው ክርክር የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ የሚል እንጂ የአዋቂን ንባብ የሚነካ አይደለም፣ ወላጅ ሐሳብ መስጠቱም መብቱ ነው ባዮች ናቸው። ይህ ነጥብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የልጅን መጽሐፍ መምረጥ ማንም ወላጅ የሚያደርገው ነው። ጥያቄው አንዱ ወላጅ ለሌላው ልጅ ጭምር ይምረጥ ወይ የሚለው ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ላኖ የሚባል ካውንቲ ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ከላይብረሪው 17 መጻሕፍት ተነሡ። ዝርዝሩ ይገርማል። የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነውን የኩ ክሉክስ ክላንን ታሪክ የሚተርክ አለበት፤ ስለ ፈስ የሚያወሩ የሕፃናት ቀልድ መጻሕፍትም አሉበት። ነዋሪዎች በ2022 ከሰሱ። በሜይ 2025 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 10 ለ7 በሆነ ድምፅ፣ አንባቢ በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነጻነት አንቀጽ ተመርኩዞ መጽሐፍ ይመለስልኝ ብሎ መክሰስ አይችልም አለ። ከዳኞቹ ከፊሎቹ አልፈው ሄዱ፦ የመጻሕፍት ስብስብ የመንግሥት የራሱ ንግግር ነው አሉ። ብይኑን የጻፉት ዳኛ ማንም መጽሐፍ አላገደም፣ ላይብረሪ ያጣ ሰው ገዝቶ ወይም ከጓደኛው ተውሶ ያንብብ ሲሉ ጻፉ። በዲሴምበር 8፣ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። አላይም ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ውጤቱ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሚሸፍናቸው በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ ብይኑ ጸንቶ መቅረቱ ነው።

ይህ ለሙያው ምን ማለት ነው? እስከዚያ ድረስ ላይብረሪያኖች የመጨረሻው መሸሸጊያ ፍርድ ቤት ነው ብለው ያስቡ ነበር። አሁን በእነዚያ ሦስት ስቴቶች መሸሸጊያው ጠብቧል። መደርደሪያው ላይ ምን ይቀመጥ የሚለውን የካውንቲው ተመራጮች የሚወስኑት ከሆነ፣ የላይብረሪ መሪዎች ትኩረትም ወደ ካውንቲው ምርጫ መሄዱ አይቀርም። ላይብረሪውን ከፖለቲካ እናውጣ ያሉ ሰዎች ይበልጥ ወደ ፖለቲካው አስገቡት ማለት ነው።

ገንዘቡ የተመለሰው በምን ቋንቋ ነው?

ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እንመለስ። በኤፕሪል 2025 ሁለት ክሶች ተከፈቱ። አንዱን 21 ስቴቶች በሮድ አይላንድ፣ ሌላውን የላይብረሪ ማኅበሩ ከአንድ የሠራተኞች ማኅበር ጋር በዋሽንግተን ከፈቱ። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ጊዜያዊ ድል አገኙ። ከዚያ መንገዳቸው ተለያየ። ዋሽንግተን ላይ ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን በጁን 6 የማኅበሩን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። ምክንያቱ መጽሐፍ አልነበረም፣ የሥልጣን ወሰን ነበር። የተቋረጠ የገንዘብ ድጋፍ እንደ ውል የሚቆጠር ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በሌላ ፍርድ ቤት ነው የሚል ነው። ሮድ አይላንድ ላይ ግን ዳኛ ጆን ማኮኔል በኖቬምበር 21 ለስቴቶቹ ፈረዱ። ገንዘቡን የመደበው ኮንግረስ ነው፣ ሥራ አስፈጻሚው በትዕዛዝ ሊያከስመው አይችልም አሉ። በዲሴምበር መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የተቋረጡትን ድጋፎች ሁሉ መመለሱን አስታወቀ።

ልብ በሉ። አሸናፊው ክርክር ስለ ንባብ ፍቅር አላወራም፤ ስለ ዲሞክራሲ መሠረትም እንዲሁ። በጀት የሚመድበው ማን ነው፣ አሠራር ሲለወጥ ምን ዓይነት ማብራሪያ ያስፈልጋል የሚል ደረቅ የአስተዳደር ሕግ ነው። ስለ ላይብረሪ ፍቅር የሚጻፈው ሁሉ ደስ ይላል። ማንም አይቃወመውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ላይብረሪን እወዳለሁ የማይል ፖለቲከኛ የለም። ሚዛን የሚደፋው «ሰኞ ይህ አገልግሎት ይቆማል፣ ይህን ያህል ሰው ይጎዳል፣ ይህ የሕግ አንቀጽ ይጣሳል» የሚለው ነው። ሜይንና ሚሲሲፒ ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ የቆመውን በስሙ ጠሩት።

«ሙያው ቅዱስ ነው» የሚለው ወጥመድ

አንድ ነገር ብዙ አይወራለትም። ስለ ላይብረሪ በተወተወተ ቁጥር የሠራተኛው ሸክም ይጨምራል። በ2018 ፎባዚ ኤታር የምትባል ላይብረሪያን ላይብረሪ እንደ ቤተ መቅደስ፣ ሠራተኛው እንደ ካህን ሲታይ ምን እንደሚከተል ጻፈች። ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት ነውር ይሆናል። ደከመኝ ማለት ክህደት ይሆናል። ጽሑፉ በሙያው ውስጥ ትልቅ ክርክር ቀሰቀሰ።

ማስረጃው መሬት ላይ አለ። በብዙ ከተማ ቤት የሌለው ሰው ቀን የሚውለው ላይብረሪ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ በ2009 የራሱን ማኅበራዊ ሠራተኛ የቀጠረው ያለ ነገር አይደለም። ሌሎች ከተሞችም ተከትለዋል። አንዳንድ ቦታ ላይብረሪያኖች አደንዛዥ ዕፅ በዝቶበት የወደቀን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት መስጠት ሠልጥነዋል። ለማስተርስ ድግሪ ያጠኑት ይህን አልነበረም። አንዳንድ መሪዎች «ለበጀት ሰጪው የምናሳየው ጥቅማችን ይህ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሁሉን እንሠራለን ባልን ቁጥር ሁሉም ይጫንብናል» ባዮች ናቸው። ሁለተኞቹ እየበዙ ይመስለኛል።

የአማርኛው መደርደሪያ

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ሩቅም አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ቢሮ አለው። ያ ቢሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተሙ መጻሕፍትን እየገዛ ወደ ዋሽንግተን ይልካል። አዲስ አበባ ላይ አልቆ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ እዚያ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ካታሎጉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በላቲን ፊደል፣ ከነነጥቡና ከነሰረዙ ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ጽፎ የፈለገ ሰው «የለም» ብሎ ይመለሳል። መጽሐፉ ግን አለ።

በከተማ ደረጃም እንዲሁ። የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ከተማው በቅድሚያ ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ሕጉ መጽሐፍ ግዙ አይልም። ሰው በቋንቋው ይስተናገድ ነው የሚለው። መጽሐፉን የሚያስገዛው ሌላ ነገር ነው።

ያን ለማየት የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በስደት አሜሪካ ገብተው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሕፃናት ላይብረሪያን ሆኑ። በብዙ ቋንቋ የተደረደረውን የልጆች መጽሐፍ ሲያዩ በአማርኛ የተጻፈ አጡ። «ለምን የለም?» ብለው አልተቀመጡም፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ አሳተሙ። በ2002 ወደ አገር ቤት ተመለሱ። በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ አካባቢ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል።

አሁን አንድ የሰፈር ላይብረሪ ውስጥ ያለ የአማርኛ መደርደሪያ እናስብ። ሁለት ረድፍ ነው። ልብ ወለድ፣ የልጆች ተረት፣ መዝገበ ቃላት። ላይብረሪያኖች በየጊዜው መደርደሪያውን «ያርማሉ»። ቃሉ ከእርሻ የመጣ ነው፤ ልክ እንደ አረም የማይፈለገውን መንቀል ማለት ነው። የተቀደደው ይነሣል፣ መረጃው ያረጀው ይነሣል፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልተዋሰው ይነሣል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ቦታ ስለሌለ ነው። ኮምፒውተሩ ስለ መጽሐፉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ ወጣ? አንድ እናት መጽሐፉን እዚያው ቆማ ለልጇ አንብባ ብትመልሰው አይቆጠርም። ካርዷን አስነክታ ይዛው ስትሄድ ግን ይቆጠራል። የሚቀጥለው ዓመት የግዢ ገንዘብ ሲከፋፈል ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ያ ቁጥር ነው።